የፍልሰታ ቀርከሃ

ዘይነት ዕድሜዋን ሙሉ ከፈራችው ነገር አንዱም አልደረሰም፤ ችግሯም ይኸው ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲከፈት ክረምቱን አያልፍም ብላ ነበር፤ ድልድዩ ቆሟል። ልጇ ሰሚሐ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ታማ ትመለሳለች ብላ ሻንጣውን መድኃኒት ሞላችው፤ ልጅቷ ወፍራ መጣች። ጣና በሞላ ቁጥር ውኃው ቤታችን ይገባል እያለች ፍራሹን ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅላለች፤ ውኃው አንድም ቀን ደጃፏን ረግጦ አያውቅም። የደረሰባት ያልፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሏ ሙሀመድዘይን፣ ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ ሰው፣ የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት እንደወጣ በድንገት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሳትፈራ የምታልፈው ነገር የለም።

ስለዚህ በቤተሰቡ ዘንድ ዘይነት ይሆናል ያለችው ነገር አይሆንም ማለት ነው። ሰሚሐ ፈተና ሲኖራት በር ላይ ቆማ፣ «እማ፣ ትወድቂያለሽ በይኝ» ትላት ነበር። ዘይነት ትላታለች። ልጅቷም ታልፋለች።

ሰሚሐ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። የምትሠራው ኢንጂነር አምሐ የሚባል ሰው ከፍቶ በሚያስተዳድረው ቢሮ ነው። ዘንዘልማ፣ አምና ጤፍ ሲዘራበት ዘንድሮ ቤት በሚበቅልበት ሠፈር፣ ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት የቀርከሃ አዳራሽ እንዲሠራ ተወሰነና ንድፉ ለእሷ ተሰጣት። ዓመቱን ሙሉ ከላፕቶፕ ላይ አልተነሣችም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሥራዋን ለእናቷ አሳየቻት። ኮምፒውተሩ ጣሪያ የሚሥለው በሰው እጅ እየተመራ አይደለም። ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትጠልቅ፣ የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ አንድ ቀርከሃ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይነገረዋል። እሱም ሦስት መቶ አርባ ዓይነት ጣሪያ ሥሎ፣ አንዱን ከአንዱ አወዳድሮ፣ በትንሽ ዕቃ ብዙ የሚሸከመውን ይመርጣል። የተመረጠው እንደ ተገለበጠ ታንኳ ጎበጥ ያለ ነበር። ቆርቆሮ አይፈልግም፣ ማራገቢያ አይፈልግም፣ ሲሚንቶውም ከመሠረቱ አያልፍም። አናጢ በልማድ ቢሠራው ከሚፈጀው ቀርከሃ ግማሽ ያህሉን ቀንሰናል አለች ሰሚሐ። ጫካው ይተርፋል። እያንዳንዱ ቀርከሃ የሚሸከመው ልክ የተሰጠውን ነው፤ ሥራ ፈቶ የቆመ አንድም እንጨት የለበትም።

«ለክፉ ቀን የሚሆነውንስ የት አደረግሽው?» አለች ዘይነት።

ሰሚሐ ሳቀች። ክፉው ቀንም ገብቶ ተሰልቷል አለቻት።

ዘይነት አልተዋጠላትም። እሷ ሁለት ሰው ሲመጣ ለአራት የምትሠራ፣ ኮንቴይነር በሚዘጋ ቁልፍ ላይ ሌላ ቁልፍ የምትጨምር ሴት ናት። ትርፍ የሌለው ቤት እንዴት ተብሎ እንቅልፍ እንደሚያስወስድ አልገባትም። ግን ልጇ ደስ ብሏት ስላየቻት ቡና ቀዳችላት።

ኅዳር ላይ አዳራሹ አለቀ። ምርቃቱ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት ሰሚሐ ሕንፃው ለሕፃናት አገልግሎት ብቁ ነው የሚለው ወረቀት ላይ በስሟ ትፈርማለች። ረቡዕ እናቷን በባጃጅ ይዛ ሄደች። ዘይነት ድልድዩን ሲሻገሩ እንደ ልማዷ ሸሃዳ ያዘች።

ቤቱ ያምር ነበር። ዘይነት ይህን አልካደችም። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውስጡ ግን ውኃ ዳር እንደ መቀመጥ ነው። ነፋሱ በታች ሾልኮ ይገባል፣ በጣሪያው ጫፍ በኩል ይወጣል። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ቀርከሃ፣ አንዱ እንኳ ከሌላው ጋር እኩል ያልሆነ፣ በየቁጥሩ ተሰክቶ ከመካከለኛው ምሰሶ እንደ ጣት ይዘረጋል። «ይህን ያሰበችው የእኔ ልጅ ናት» አለች በሆዷ፤ ልቧ ሞላ። ሕፃናቱ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ገብተው ወለሉ ላይ ይንከባለሉ ነበር።

ዘይነት ከተቀመጠችበት ስትነሣ ሰሚሐ ትከሻዋን በእጇ ጠረገችላት። ጥቁር ሻርፗ ላይ አቧራ ነበር። ዘይነት የልጇን እጅ ያዘችና ቆመች። ከአቧራው በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አሸችው። ልስልስ አለ፤ እንደ ስንዴ ዱቄት። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ ምሰሶው ሥር ጎንበስ አለች። እዚያም ከወለሉ ላይ የጉንዳን ጉብታ የምታክል ትንሽ የዱቄት ክምር አለች።

«ይህ አቧራ አይደለም» አለች። «ነቅዟል።»

ሙሀመድዘይን ሃያ ሁለት ዓመት ቀርከሃ ነግዷል። ከአዊ፣ ከእንጅባራ በኩል ያስመጣ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካልተቆረጠ አይገዛም፤ ያውም ጨረቃዋ ስትጎድል። ከገዛ በኋላ ጣና ውስጥ ድንጋይ ጭኖ አንድ ወር ይዘፈዝፈዋል። ቀርከሃ ጣፋጭ ነው ይል ነበር፤ ጣፋጩን ውኃ ካልጠጣው ነቀዝ ይጠጣዋል። ነጋዴ ሲያጭበረብረው ደግሞ አይጨቃጨቅም። ከተከመረው ቀርከሃ ሥር ጥቁር ጨርቅ ያነጥፍና ቁርሱን በልቶ ይመለሳል። ጨርቁ ነጥብ ነጥብ ካለ ጭነቱን እንዳለ ወደ መጣበት ይመልሳል። ዘይነት ያን ጨርቅ ሃያ ሁለት ዓመት አጥባለች።

ሰሚሐ ፊቷ ተለወጠ፤ ግን ወዲያው ሰበሰበችው። የግዢው ወረቀት ቀርከሃው የካቲት ተቆርጦ ስድስት ወር ደርቋል እንደሚል፣ ጉልበቱንም በዚያው ልክ ለኮምፒውተሩ እንዳስገባች ተናገረች። እማ፣ ድልድዩም ይወድቃል ብለሽ ነበር አለቻት።

«ኮምፒውተሩ ወሩን በዓይኑ አይቷል?»

«ነግሬዋለሁ አልኩሽ።»

«ላንችስ ማን ነገረሽ?»

ሰሚሐ ስልኳ ላይ የግዢውን ወረቀት ትፈልግ ጀመር። ዘይነት ግቢው በር ላይ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ወደ አባ ገብረ ኪዳን ሄደች። ሰላምታ ሰጥታ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቃ፣ ከዚያ ይህ ቀርከሃ መቼ መጣ አለቻቸው። ሽማግሌው ማሰብ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

«ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፣ እመቤት። ጾሜን ውዬ እኔ ነኝ ያወረድሁት። ቅጠሉ አልረገፈም፤ ውኃው ክንዴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የካቲትማ መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘግቶ ማን ይቆርጠዋል፣ ማን ያመጣዋል?»

ፍልሰታ ነሐሴ ነው። ቀርከሃ ጣፋጩን ጠጥቶ የሚያብጥበት፣ ሙሀመድዘይን በነፃ ቢሰጡት የማይነካው ወር።

ሰሚሐ ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም። አምሐን በስልክ አግኝታው ነበር። መንገዱ ተዘግቶ መክረሙን አልካደም፤ ወረቀቱ ግን ከአቅራቢው የመጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም ብሏታል። ቀርከሃው መድኃኒት ያልተቀባው አዳራሹ ፊት የተሰቀለው ባነር ላይ «ከኬሚካል ነፃ» ስለሚል ነው። ጣና ውስጥ መዘፍዘፉን ያሰበ የለም። የምታዪው አቧራ ነው፣ ዘንዘልማ ገና ያልተነጠፈ መንገድ ነው፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት መጥተሽ ፈርሚ ብሏታል። ዘይነት ይህን ስትሰማ የያዛት ነገር ምን እንደ ሆነ ወዲያው አልለየችውም። ፍርሃት መስሏት ነበር፤ እሱንማ ታውቀዋለች። ይህ ግን ሌላ ነው። ያ ሰውዬ የራሱን ስም አያስገባም። የልጇን ስም ነው ጣሪያው ሥር የሚያቆመው።

ሐሙስ ጠዋት ብቻዋን ዘንዘልማ ሄደች። የመዋዕለ ሕፃናቱን ርእሰ መምህርት የብርጓልን አስፈቅዳ ሕፃናቱ ያን ቀን ሜዳ ላይ እንዲውሉ አስደረገች። የብርጓል ዝምተኛ ሴት ናት፤ ለምን ብላ አልጠየቀችም። አባ ገብረ ኪዳን መስኮቶቹን ሁሉ ዘጉ። ዘይነት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ ሲደርቅ ጥቁር ሻርፗን አውልቃ ከመካከለኛው ምሰሶ ሥር አነጠፈች፤ ራሷ ላይ ሂጃቧ አለ። ከዚያ የሕፃናት ወንበር ሳበችና ጉልበቷ አገጯ ጋ እስኪደርስ ተኮራምታ ተቀመጠች።

ፀጥ ሲል ይሰማ ነበር። ጣሪያው ውስጥ፣ ሰው ከጎረቤት ክፍል ቆሎ እንደሚቆረጥም ዓይነት፣ ቀጭን ድምፅ። ክርት፣ ክርት። ዘይነት ቀና ብላ በየቀርከሃው ላይ በማርከር የተጻፈውን ቁጥር አነበበች። መቶ አራት። መቶ አምስት። ልጇ ለእያንዳንዱ ቁጥር አውጥታለታለች፤ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚሸከም ነግራዋለች። ማንም ግን ሊቆረጥ ሲል ምን እንደ ጠጣ አልጠየቀውም። እንደ ድሮው በልማድ ቢሠራ ኖሮ ዐሥሩ ቢነቅዝ ሌላ ዐሥር ይደግፈው ነበር። ይህ ቤት ትርፍ የለውም። አንዱ ሲሰንፍ ሸክሙን የሚቀበልለት ጎረቤት የለም። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ንዴቷ ባሰ። የተናደደችው በነቀዙ አይደለም፤ ነቀዝ ሥራውን ነው የሚሠራው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምሐ፣ ሰሚሐና የብርጓል ገቡ። አምሐ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። እትዬ ዘይነት እንኳን ደህና መጡ አለ፤ ቤቱ የእርሱ ይመስል። ዘይነት ከወንበሯ አልተነሣችም። በጣቷ ሻርፑን አሳየችው። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጫጭ ጉብታዎች ነበሩ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ልክ ከየቀርከሃው ትይዩ፤ አንዳንዱ የሽንብራ ፍሬ ያክላል።

አምሐ ጎንበስ ብሎ አየና አቧራ ነው አለ።

«መስኮቱ ዝግ ነው፤ ወለሉ ታጥቧል» አለች ዘይነት። ከጉብታው በጣቷ ጫፍ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገችው። «የዘንዘልማ አፈር ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ይህ አይንቋቋም። ይቅመሱት።»

አምሐ ፈገግ አለ። አልቀመሰም። ወደ የብርጓል ዞሮ፣ እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር በተፈጥሮ ዕቃ ላይ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ስሌቱ መጠባበቂያ እንዳለው አስረዳት። ከዚያ ድምፁን ይበልጥ አለሳልሶ ወደ ዘይነት መጣ።

«እትዬ፣ ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ። ቢሮ ውስጥ ፈተና ያለበት ሰው ሁሉ ‹የሰሚሐ እናት ትወድቃለህ ትበለኝ› እያለ ይቀልዳል። እናት ነዎት፤ ቢፈሩ አልፈርድም።»

ዘይነት ልጇን አየቻት። ሰሚሐ መሬት መሬት አየች። ያች በር ላይ የሚባባሏት ነገር፣ የሁለቱ ብቻ የመሰለቻት፣ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ከርማለች። ዘይነት እንደ ጥፊ ተሰማት። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«አዎ፣ ፈሪ ነኝ። ባሌን እስክቀብር ድረስ ግን ቀርከሃ ፈርቼ አላውቅም። ይህን ፈራሁት። እርስዎ ካልፈሩት እርስዎ ይፈርሙ።»

አምሐ ሰዓቱን አየ። ጎንበስ ብሎ የሻርፑን ጫፍ ያዘ፤ አራግፎ ሊሰጣት ነበር። ዘይነት ያን ጊዜ ተነሣች። የሕፃናቱ ወንበር ከኋላዋ ተገለበጠ።

«አታራግፈው።»

አንተ አለችው። ማንም በይ ያላላት፣ ራሷም ያላሰበችው አንተ ነበር። የሰውዬው እጅ ከጨርቁ ላይ ተነሣ።

ሰሚሐ ከቦርሳዋ ላፕቶፗን አወጣች። የሕፃናት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የምትሠራውን ለማንም አልነገረችም። ጣሪያው ስክሪኑ ላይ መጣ፤ እንደ ታንኳ የጎበጠው፣ ሁሉም ቀርከሃ ሰማያዊ ሆኖ። ሰማያዊ ማለት አልከበደውም ማለት ነው፤ ይህን ለእናቷ ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ነግራታለች። የደረቀ ቀርከሃ ጉልበት የተጻፈበትን ቁጥር አጠፋች። ነቀዝ የቦረቦረውን ያህል ቀንሳ ሌላ ጻፈች። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ከመካከለኛው ምሰሶ ጀምሮ ቀዩ ተዘረጋ፤ ደም ፎጣ ላይ እንደሚሄደው፣ በየጣቱ፣ እስከ ጫፍ።

የብርጓል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ቀዩ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«የማይችሉት ናቸው» አለች ሰሚሐ። ጣቷን ቀዩ ላይ አደረገች። «ዛሬ አይወድቅም። ክረምት ሲመጣ፣ ጣሪያው ውኃ ሲጠጣ... አላውቅም። እኔ ስህተት ነገርኩት። የነገርኩትን አመነኝ። ወረቀቱን ሳላይ... አይ፣ ወረቀቱን አየሁ። ቀርከሃውን ነው ያላየሁት።»

አምሐ ያን ነገር ዝጊው አላት። ነገ ጠዋት ሌላ ባለሙያ አምጥቶ እንደሚያስፈርም፣ ቅዳሜ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ ከእሱ ጋር መሥራቷ እዚህ ላይ እንደሚያበቃ ነገራት፤ ሁሉንም በዚያው በለስላሳ ድምፁ። ሰሚሐ ማንም ይፈርም፣ ለወላጆቹ ግን እኔው እነግራለሁ አለች። እያለቀሰች ነበር።

ክርክሩ የቀጠለው የብርጓል በሩ ላይ ቆማ እስክትጠብቃቸው ድረስ ብቻ ነው። እንዲወጡ በእጇ አሳየች። ወጡ። ዘይነት ሻርፏን ከነዱቄቱ አራት አጥፋ ታቅፋ ወጣች። የብርጓል አዳራሹን ቆለፈችና ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተች። የሕፃናቱ ስም ያለበት መዝገብ የእኔ ነው፣ ቁልፉም የእኔ ነው አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ አምሐም ከደረቷ አውጥቶ የሚወስደው አልነበረም።

ሰሚሐ እንዳለችው ለወላጆቹ ነገረች፤ ሰኞ ከሥራ ተባረረች። የቢሮው ማስታወቂያ አዳራሹ «ለተጨማሪ ማሻሻያ» ለጊዜው ተዘግቷል አለ፤ ስለ ነሐሴ ቀርከሃ አንድ ቃል አልነበረበትም። ባነሩ ገና እንደ ተሰቀለ ነው፤ «ከኬሚካል ነፃ» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ከመንገድ ይነበባል። ዘይነት በዚያ ባለፈች ቁጥር ደሟ ይፈላል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራችው ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ደስታ የሚባል ግን አልነበረበትም። ልጇ ሥራ አጥታ ቤት ተቀመጠች፤ የዋሸው ሰውዬ ሸሚዙን አስተኩሶ ቢሮ ይገባል። ይህንንስ ማን ፈራው? እሷ እንኳ አልፈራችውም ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰሚሐም ጋር ብዙ አልተነጋገሩም። ቀልዷን ለሰው መስጠቷን ይቅር አላለቻትም፤ ልጅቷም ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር ዘይነት ሳህን ማጠብ ትጀምራለች።

ታኅሣሥ ላይ የብርጓል ሁለት ወላጆች ይዛ ቤታቸው መጣች። አዳራሹን ያሠሩት ሰዎች ጣሪያው ፈርሶ በደህና ቀርከሃ ይተካ ማለታቸውን፣ ወላጆቹ ደግሞ ንድፉን የምታውቀው ልጅ ካልመራችው ልጆቻችንን አናስገባም ማለታቸውን ተናገረች። ሰሚሐ ወደ እናቷ ዞረች። ቀርከሃ የምትመርጠው እማ ከሆነች ነው አለች።

ጥር አጋማሽ፣ ጨረቃዋ ስትጎድል፣ ዘይነት ራሷ እንጅባራ ሄዳ መረጠች። በመንገዱ ሁሉ ሸሃዳ ይዛ ሄዳ፣ በመንገዱ ሁሉ ሸሃዳ ይዛ ተመለሰች። ሰሚሐ ንድፉን እንደገና ከፍታ ኮምፒውተሩ አያስፈልጉም ያላቸውን ስድስት ምሰሶዎች ጨምራለች። በንድፉ ላይ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ በሚጻፍበት ቦታ «ለክፉ ቀን» ብላ ጽፋለች። ዘይነት አንብባ ስድስቱን በጣቷ ቆጠረች።

ቀርከሃውን ሙሀመድዘይን ይዘፈዝፍበት ከነበረው ቦታ፣ ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል አጠገብ ጣና ውስጥ አስገቡት። እስር እስሩን ድንጋይ ጫኑበት፤ ገመዱን ዳር ካለው ሾላ ጋር አሰሩት። ሰሚሐ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ ወደ እናቷ ቀና አለች። ለረጅም ጊዜ ያልተባባሉትን ነገር በጥንቃቄ፣ እንደ ትኩስ ብርጭቆ፣ አነሣችው።

«እማ፣ ገመዱ ተበጥሶ ጢስ ዓባይ ላይ እናገኘዋለን በይኝ።»

ዘይነት ልጇን አየቻት፣ ውኃውን አየች። ከከተማው በኩል፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አቅጣጫ፣ ነፋሱ መነሣት ጀምሯል።

«አልልሽም» አለች። አሁንም ቁጣዋ አልበረደም። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ውኃው ወረደች፤ ለትርፍ ያመጣችውን ሁለተኛ ገመድ ከትከሻዋ አውርዳ ማሰር ጀመረች።